ያ አፍንጫው የረዘመ ፍጥረት ምንድነው? የጌንዝቡርን ፊልም ያያችሁ እስቲ አስረዱኝ

ማታ_ማታ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ እኔና ባለቤቴ ልጆቹን አስተኝተን አንድ የፈረንሳይ ፊልም ከፈትን፣ በፈረንጅ 2010 የወጣ ነው፣ ሰርዥ ጌንዝቡር ስለሚባለው ዘፋኝ። እኔ የጠበቅኩት የተለመደውን ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ ድሃ ልጅ፣ ፒያኖ፣ ዝና፣ መጠጥ፣ ሚስት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ መጨረሻ ላይ ጭብጨባ። አጀማመሩም እንደዛ ነበር። ጀርመኖች ፓሪስን ይዘዋል፣ አንድ አፉ የማያርፍ የአይሁድ ልጅ መንገድ ላይ ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ አይሁዶችን የሚሳደብ ፖስተር አለ፣ አስቀያሚ ትልቅ ጭንቅላት የተሳለበት። ሻይ ልቅዳ ብዬ ዞር ብዬ ስመለስ ጭንቅላቱ ከፖስተሩ ወርዶ እጅና እግር አብቅሎ ልጁን ከኋላ ከኋላ ይከተለዋል! ወደ ኋላ መልሼ አየሁት፣ እውነትም ከግድግዳው ነው የወረደው። ባለቤቴ "የልጆቹን ካርቱን ነው የከፈትከው" ብላ ሙድ ያዘችብኝ።

ልጁ ሲያድግ ደግሞ ባሰ። ያ ጭንቅላት ሌላ መልክ ይዞ መጣ፣ ሱፍ የለበሰ ቀጭን ረጅም ሰውዬ፣ አፍንጫው ከፊቱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ጆሮው ሰፌድ የሚያክል፣ ጣቶቹ እንደ ሸረሪት እግር። ሰውየው ፒያኖ ሲጫወት አጠገቡ ነው፣ ሴት ጋ ሲሄድ አጠገቡ ነው፣ ሥዕሉን ተወውና ዘፈን ጻፍ እያለ ይጨቀጭቀዋል፣ ሌላው ሰው ደግሞ ምንም የሚያይ አይመስልም።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ነገር እብደት ነው? ሰይጣን ነው? ወይስ የፈረንሳይ ፊልም ነው ብዬ ልለፈው? ሁለተኛ፣ ከዚህ ሁሉ የቱ ነው እውነት? ብሔራዊ መዝሙራቸውን በሬጌ ዘፈነው የሚለውስ የሆነ ነገር ነው ወይስ እሱም ከፖስተሩ የወረደ? ባለቤቴ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ከመተኛቷ በፊት ግን "ይሄ ባለጌ ሰውዬ ምን አርጎ ነው ፊልም የሚሰራለት" ብላለች፣ የሷንም ጥያቄ ጨምሩልኝ።

ፒያሳ_ሲኒማ፦
ወንድሜ ባለቤትህ ብዙም አልተሳሳተችም፣ ዳይሬክተሩ እኮ የካርቱን ሰው ነው። ዦአን ስፋር ይባላል፣ እስከዛ ድረስ ፊልም ሰርቶ አያውቅም፣ ስራው ኮሚክ መሳል ነው፣ የአንድ ረቢ ድመት መናገር ስትጀምር ምን እንደሚፈጠር የሚያወራው ታዋቂ ኮሚክ የሱ ነው። ራሱም አይሁድ ነው፣ በአባቱ ከአልጄሪያ በእናቱ ከዩክሬን። ስለዚህ የጌንዝቡርን ታሪክ ሲይዝ መጀመሪያ ያደረገው መሳል ነው፣ ፊልሙ ከዛ ስዕል ነው የወጣው። ደግሞ አስጠንቅቆህ ነበር፣ ርዕሱ ስር "ተረት" ብሎ ጽፎበታል፣ የሕይወት ታሪክ አላለም። ስፋር ሲናገር የጌንዝቡር እውነት ሳይሆን ውሸቱ ነው የሚስበኝ የሚል ነገር ብሏል። እና የቱ እውነት ነው ስትል ሰውየው ራሱ ስለራሱ ያወራው የነበረውን ነው የምታየው በለው፣ እሱ ደግሞ ማጋነን ይወድ ነበር።

ፖስተሩ ግን ተረት አይደለም። በ1941 ፓሪስ ውስጥ አይሁዶችን የሚያንቋሽሽ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር፣ እንደዛ አይነት አፍንጫና ጣት የተሳለበት ፖስተር ከተማው ላይ ተለጥፏል። በ1942 ደግሞ ቢጫ ኮከብ ልብሳችሁ ላይ ስፉ ተባሉ። ልጁ (ያኔ ስሙ ሉሲየን ጊንስቡርግ ነው፣ የተወለደው 1928) 14 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ አስበው፣ መስታወት ፊት የሚቆምበት ዕድሜ ላይ ሆኖ መንግሥት "የአንተ መልክ ይሄ ነው" ብሎ ግድግዳ ላይ ሲለጥፍለት። ያ ፍጥረት እሱ ነው። ስሙ ፊልሙ ላይ "ላ ገል" ይባላል፣ የእንስሳ አፍ ማለት ነው፣ ለሰው ፊት ሲባል ስድብ ይሆናል። ልጁ ስድቡን ጓደኛ አደረገውና አብሮት አደገ፣ እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው።

ከማስኩ ስር ያለው ሰው ዳግ ጆንስ ነው፣ በስፓኒሽ የተሰራው ያ የላቢሪንቱ ፊልም ላይ ቀንዳሙን ፍጥረት ሆኖ የሰራው። ማስኩንም የሰሩት ለዛ ፊልም ኦስካር የወሰዱት የስፔን ባለሙያዎች ናቸው። ኮምፒውተር አይደለም፣ እጅ ነው፣ ለዛ ነው ሲነካው የምታምነው።

ዋናው አክተር ኤሪክ ኤልሞስኒኖ በ2011 የፈረንሳዮቹን ትልቁን የፊልም ሽልማት ሴዛርን ወሰደ፣ ፊልሙም የዓመቱ ምርጥ የመጀመሪያ ፊልም ተብሎ ተሸለመ። መጀመሪያ ግን የጌንዝቡር ልጅ ሻርሎት አባቷን ሆና እንድትሰራ ታስቦ ነበር፣ ሴቷ አባቷን! ስትሞክረው ከርማ ከብዷት ተወችው። በኔ እይታ የመጀመሪያው ሰዓት ድንቅ ነው፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ግን ሴት ትገባለች ሴት ትወጣለች፣ ዘፋኟ ግሬኮ፣ ተዋናይዋ ባርዶ፣ የሻርሎት እናት በርኪን፣ የሰርግ አልበም የሚገለጥ ነው የሚመስለው። አሻንጉሊቱ ሲቀንስ ፊልሙም ይቀንሳል።

የዛር_ፈረስ፦
ኧረ እናንተ ሰዎች ምን ያደክማችኋል፣ ይሄ ዛር ነው በቃ። አያቴ ብታየው በአምስት ደቂቃ ስሙን ትነግራችሁ ነበር። ፈረሱን መርጦ ይጋልባል፣ ሌላ ሰው አያየውም፣ ግብር ይጠይቃል፣ የኛዎቹ ቡናና ሽቶ ነው የሚጠይቁት የፈረንሳዩ ደግሞ ዢታን ሲጋራና ውስኪ። ሰውየውን በ1973 ልቡን አሞት ሆስፒታል ገባ፣ ከዛም አላቆመም፣ እስከ መጋቢት 1991 አጨሰ፣ 62 ዓመቱ ላይ በልብ ሞተ። ዛር ደግሞ አይባረርም፣ ይለመናል እንጂ። ፊልሙ ላይም ሊያባርረው አይችልም ሊያባብለው ነው የሚሞክረው። ልቀልድ ብዬ አይደለም፣ እኔ ፊልሙን በዚህ አይን ካየሁት በኋላ ነው የገባኝ።

ማታ_ማታ፦
@የዛር_ፈረስ ሃሃሃ ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ "ይሄኛው ነው መልሱ" አለች። ግን ግብሩን የከፈሉት ሴቶቹ ናቸው ብላለች።

ፓሪስ_13፦
ባለቤትህ የነካችው ነገር ትልቅ ነው። እኔ እዚህ 19 ዓመቴ ነው፣ ይሄን ሰውዬ ሳልወድ በግድ ነው የተማርኩት፣ ታክሲ ውስጥ እሱ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ እሱ። ፈረንሳይኛዬ ደካማ በነበረ ጊዜ ዘፈኖቹ ያማሩ ብቻ ነበር የሚመስሉኝ፣ ቋንቋው እየገባኝ ሲመጣ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ሰውየው ባለቅኔ ነው፣ እኛ በምንለው መንገድ ባለቅኔ፣ ሰምና ወርቅ የሚሰራ። አንዷን ቃል ከሁለት ይሰብራትና አንዱ ትርጉም ለአያትሽ ይሆናል ሌላው ለሰካራም። ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ቢሆን ማሲንቆ የያዘው ሁሉ ተነስቶ ቦታ ይለቅለት ነበር።

ግን ፍራንስ ጋል የምትባለውን ልጅ ነገር ስሚ በሏት ባለቤትህን። በ1965 ገና 17 ዓመቷ እሱ የጻፈላትን ዘፈን ይዛ ለሉክሰምበርግ ወክላ ዩሮቪዥንን አሸነፈች። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዘፈን ሰጣት፣ ከረሜላ ስለምትወድ ልጅ፣ ባለ እንጨት ከረሜላ። ሰሙ ከረሜላ ነው። ወርቁን እዚህ አልጽፈውም። እሷ የገባት ሰሙ ብቻ ነበር፣ እየሳቀች ቴሌቪዥን ላይ ዘፈነችው፣ አገሩ ሁሉ ወርቁን ይዞ ይስቅባት ነበር። በኋላ ስታውቅ እንዴት እንዳፈረችና እንደተከዳች ዕድሜዋን ሙሉ ተናግራለች። ፊልሙ ይቺን እንደ ቀልድ ነው ያለፋት፣ እኔ እሱ ጋ ስደርስ ተናደድኩ። ቅኔ ሲነገር ወርቁ እስኪገኝ የሚጨነቀው ሰሚው ነው፣ እንዴት ነው ዘፋኟ ራሷ እንዳታውቅ የሚደረገው?

ሆኖም የልጅነቱ ክፍል አንጀቴን በልቶታል ልዋሽ አልችልም። ወላጆቹ ከአብዮቱ በኋላ ከሩሲያ ግዛት ወጥተው በኢስታንቡል አድርገው ነው ፓሪስ የገቡት። አባቱ ዮሴፍ ቀን ቀን ልጆቹን ሾፐን እያስጠና ማታ ማታ ባር ቤት ፒያኖ እየተጫወተ ነው ያሳደጋቸው። ልጁ ደግሞ ፒያኖውን ይጠላል። ስደተኛ ቤት ያደገ ሁሉ ይቺን ያውቃታል፣ አባት ከአገሩ ይዞት የመጣው አንድ ነገር አለ፣ ልጅ ያንን ነገር አልፈልግም ይላል፣ ከዛ 30 ዓመት ሞልቶት በዛው ነገር እንጀራ ይበላል። እሱም እንደዛ ነው የሆነው፣ ሰዓሊ መሆን ነበር የሚፈልገው፣ ሥዕሎቹን አብዛኞቹን አጠፋቸውና የአባቱን ስራ ያዘ፣ ካባሬ ውስጥ ፒያኖ።

ቤቱ ቬርኔይ መንገድ 5 ቢስ ነው፣ አጥሩ ላይ አድናቂ ሁሉ ይጽፍበታል ይስልበታል፣ ከላይ እስከ ታች ቀለም ነው። በመስከረም 2023 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ልክ ሁለት ወር ሲቀረው ሐምሌ ላይ ጄን በርኪን ሞተች። ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ እኔ እስካሁን ከውጭ ነው የማየው፣ በዛ መንገድ ሳልፍ ሰው ሁልጊዜ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

አልገዛም፦
እኔ ደግሞ ፊልሙን አልገዛሁትም። ቆንጆ ነው፣ ብርሃኑ ቆንጆ፣ ባርዶን ሆና የሰራችው ሌቲሲያ ካስታ ውሻዋን ይዛ ኮሪደሩን ስታቋርጥ አገር ቆንጆ። ግን ያ አሻንጉሊት ጠበቃ ነው ጓዶች። ሰውየው ክፉ ሲሰራ ማነው የሚያደርገው? አፍንጫው የረዘመው። ትዳር ሲፈርስ ማነው ያፈረሰው? አፍንጫው የረዘመው። እሱማ ምስኪን አይናፋር ልጅ ነው። "ዛር ነው" ስትሉም ያው ነው፣ ሰው ያሻውን አድርጎ በዛር ሲያሳብብ በኛ ሰፈርም አይተናል።

ፊልሙ ያልነካቸውን ልንገራችሁ። በ1986 ዊትኒ ሂውስተን ገና ጀማሪ ሆና ፓሪስ ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ስርጭት ቀርባ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሰክሮ፣ በእንግሊዝኛ እዚህ የማይጻፍ ነገር ፊት ለፊት ተናገራት። ልጅቷ አይኗ ሲፈጥ ዩቲዩብ ላይ አለ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከገዛ ልጁ ከሻርሎት ጋር፣ ልጅቷ ገና 13 ሳትዘል፣ አልጋ ላይ ቪዲዮ የተቀረጸበት ዘፈን አወጣ፣ ርዕሱ ራሱ በቃላት ጨዋታ የተሸፈነ ነገር ነው። እዛው ዓመት የግብር ተቃውሞ ብሎ 500 ፍራንክ ካሜራ ፊት አቃጠለ፣ እሱስ ይሁን ገንዘቡ ነው። አፍሪካውያን ደግሞ ይሄን ስሙ፣ በ1964 ባወጣው የከበሮ አልበም ላይ የናይጄሪያዊውን የባባቱንዴ ኦላቱንጂን ስራ ወስዶ ፈረንሳይኛ ደርቦበት የሰውየውን ስም አልጻፈም። ክሬዲት የለ ምን የለ። ቅኔ ቅኔ ስትሉ የሌላ ሰው ዜማ ላይ ነው ቅኔው።

ጀማይካ_ሰፈር፦
@አልገዛም የኦላቱንጂው እውነት ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርህም። ግን ሬጌው ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው፣ ሻሸመኔ ተወልጄ ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ሰፈር አልገባም።

@ማታ_ማታ መዝሙሩ የሆነ ነገር ነው ወንድም። በ1979 ኪንግስተን ሄዶ ከስላይ ደንባርና ከሮቢ ሼክስፒር ጋር ተቀረጸ፣ ከነሱ በላይ ከበሮና ቤዝ የለም በቃ። ተቀባዮቹ ደግሞ አይ ትሪስ ናቸው፣ የቦብ ማርሊ ሦስቱ ሴቶች፣ ሪታ ማርሊ፣ ማርሻ ግሪፊትስ፣ ጁዲ ሞዋት። በ1997 በኛ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ የቦብ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር የነበራችሁ ሪታን አይታችኋታል። እሷ ናት እንግዲህ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር አዝማች የተቀበለችው፣ እኔ ይሄን ሳውቅ ሦስት ቀን ነው ሰው ላይ ስለፈልፍ የከረምኩት። በክሬዲት በኩልም ያኔ ተስተካክሏል፣ ስማቸው ተጽፏል።

ቀልዱ ምኑ ላይ መሰላችሁ፣ መዝሙሩ "ዜጎች፣ መሣሪያችሁን አንሱ" የሚል አዝማች አለው፣ እየተደጋገመ ይመጣል። ሰውየው አንድ መዝገበ ዕውቀት ላይ ግጥሙን ሲያይ አዝማቹን ሁሌ ላለመድገም "መሣሪያ ወዘተ" ብለው አሳጥረው ጽፈውታል። እሱም እንደተጻፈው ዘፈነው! "መሣሪያ ወዘተ"። ዘፈኑም አልበሙም ስሙ ይሄው ነው። ደም ይፍሰስ የሚለው መዝሙር ላይ ወዘተ ሲገባበት አስቡት፣ ሴቶቹ ደግሞ በዛ በሚያባብል ድምፅ።

አገሩ ተቀጣጠለ። ሚሼል ድሯ የሚባል ትልቅ ጸሐፊ በፊጋሮ ጋዜጣ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፣ በአጭሩ፣ አንተ አይሁድ ሆነህ እንዲህ ስታደርግ ሰው አይሁድን እንዲጠላ እያነሳሳህ ነው። ከ1941ዱ ፖስተር 38 ዓመት በኋላ! በጥር 1980 ስትራስቡርግ ኮንሰርት ሊያቀርብ ሲል የፓራትሩፐር ወታደሮች ቀይ ቆብ አድርገው አዳራሹ ውስጥ ፊት ፊት ተሰለፉ፣ ጃማይካዎቹ መድረክ አልወጡም፣ ሁኔታው ያስፈራ ነበር። እሱ ግን ብቻውን ወጣ፣ ያለ ምንም መሣሪያ መዝሙሩን በመጀመሪያ ዜማው ዘፈነው፣ ጡጫውን አንስቶ። ወታደር መዝሙሩ ሲዘመር ምን ያደርጋል? ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሊያስቆሙት የመጡት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሲጨርስ በክንዱ ስድብ አሳይቷቸው ወረደ። በ1981 ደግሞ መዝሙሩን የደረሰው ሩዤ ደ ሊል በእጁ ከጻፋቸው ቅጂዎች አንዱን ጨረታ ላይ በ135,000 ፍራንክ ገዛው።

እና ያ አሻንጉሊት ጠበቃ ነው ላልከው፣ እኔ ሌላ ነው የማየው። ስትራስቡርግ ላይ መድረክ የወጣው አይናፋሩ ልጅ አይመስለኝም፣ አፍንጫው የረዘመው ነው። ፖስተሩ ላይ የሰደቡት እሱን ነበር፣ የወጣውም እሱ ነው።

አልገዛም፦
@ጀማይካ_ሰፈር ይቺን ጥሩ አድርገህ አመጣሃት፣ ወታደሮቹ ቀጥ ማለታቸውን አላውቅም ነበር። ግን ዊትኒ አጠገብ የተቀመጠውም ያው አፍንጫው የረዘመው ነው እኮ። ስትራስቡርግን ለሱ ከሰጠኸው ዊትኒንም ስጠው። ፊልሙ አንደኛዋን አሳይቶ አንደኛዋን ደበቀ፣ የኔ ቅሬታ ይሄው ነው።

ፓሪስ_13፦
እዚህ ላይ ከአልገዛም ጋር ነኝ። ደግሞ ላ ገልን ስፋር ከባዶ አልፈጠረውም፣ ጌንዝቡር ራሱ በ1981 አንድ ዘፈን ላይ "ጌንዝባር" የሚባል ሌላ ሰው አወጣ፣ ጢሙን የማይላጨው፣ ጠጪው፣ ተሳዳቢው። ቴሌቪዥን ላይ እየቀረበ ይሄ እኔ አይደለሁም ጌንዝባር ነው የሚል አይነት ጨዋታ ይጫወት ነበር። ሰዉም ለመደ፣ የሚፈልገውም ጌንዝባርን ሆነ፣ ካሜራው የሚሄደው እሱ ጋ ነው። በርኪን በ1980 ትታው የወጣችው በመጠጡና በማታ ኑሮው ተማርራ ነው፣ ግን እስክትሞት ድረስ ዘፈኖቹን ይዛ ዓለምን ዞረች። እሷ ሁለቱን መለየት ችላ ነበር መሰለኝ፣ ወይም ሳትችል ነው የወጣችው፣ እኔ እንጃ።

ፒያሳ_ሲኒማ፦
ጥሩ ነጥብ። አሻንጉሊቱ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ለምን እንደሚቀንስ አሁን ነው የመጣልኝ፣ ሰውየው ራሱ አሻንጉሊቱን እየሆነ ስለሚሄድ ሁለት አያስፈልግም ማለት ነው። ሆን ተብሎ ከሆነ ብልህ ነው። አሁንም ግን ይሰለቻል።

የዛር_ፈረስ፦
ፈረሱና ዛሩ አንድ ሆኑ በለኛ። ከመጀመሪያው ያልኩት እሱን ነው፣ ሰሚ የለም።

ማታ_ማታ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል ይጻፋል ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ ማታ ከግማሹ ጀምረን ድጋሚ አየነው፣ ባለቤቴም አልተኛችም። ስትራስቡርግ ጋ ስንደርስ ሁለቴ አስመለሰችኝ፣ ወታደሮቹን ለማየት። ከረሜላዋ ጋ ደግሞ "አሳልፈው" አለች፣ አሳለፍኩት። ባለጌ ነው የሚለውን አልተወችም፣ እኔም አልተከራከርኳትም።

አንድ ነገር ግን፣ ጄን በርኪንን ሆና የሰራችውን እንግሊዛዊት ወደናት፣ ሉሲ ጎርደን፣ ሌላ ምን ሰርታ ይሆን ብዬ ስፈልግ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በግንቦት 2009 እዛው ፓሪስ እንደሞተች አነበብኩ፣ 28 ዓመቷ። ፊልሙ ለሷ መታሰቢያ ነው የተደረገው። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላኝ ፎቶዋን አየችና መልሳ ሰጠችኝ፣ ቲቪውን አጠፋነው።

የድመቷ ኮሚክ በእንግሊዝኛ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።